የዘርዓም መቋሚያ

በጎርዳም መንግሥት፣ በሳልም ደብር፣ በጠራራ ፀሐይ የመቅደሱ ግድግዳ አላበው። ካህናቱ ደንግጠው መንበሩን ሲከፍቱ የጻድቁ የዘርዓም መቋሚያ በቦታው የለም። ዘንዶውን ድርማንን የሚያመልኩ ሰዎች ሰርቀው፣ ዘንዶውን ሊቀሰቅሱበት ወደተኛበት ወደ አዞም ገደል ወስደውት ነበር። ወዲያው ከገደሉ ግራጫ ጉም ተነሣ፤ የነካው ሁሉ ትንፋሹ እየተቆረጠ ይወድቅ ጀመር።

ስለ መቋሚያው ብዙ ይወራል። ቆለኞች የሌባን እጅ ያቃጥላል ይላሉ። ደገኞች ደግሞ ድርማንን የሚመታበት ሰው ትንፋሹን ለእንጨቱ ሰጥቶ ይቀራል ይላሉ። የደብሩ አለቃ አባ ዜናም እውነቱን ሲጠየቁ፣ ያኔ ጻድቁ ድርማንን ሊመቱ በወረዱ ጊዜ መቋሚያውን ከገደሉ ያወጡት ደቀ መዛሙርታቸው እንደነበሩ ብቻ ተናገሩ።

በገመድ ገደል እየወረደች ማር የምትቆርጠው ወጣት ዘሚካ ከሕዝቡ መካከል ወጣች። «መቋሚያውን ሳልመልስ ወደ ደጄ አልገባም። ይህን ባጥፍ ምድር አትቀበለኝ» ብላ ማለች። ያሳደጋት አጎቷ ኮርሚ፣ ግራ እግሩን የሚያነክስ የድሮ ጦረኛ፣ አብሯት ሊሄድ ጫማውን አጠለቀ።

በሦስተኛው ቀን ከገደሉ ግርጌ ደረሱ። ሌቦቹ በጉሙ ታፍነው ሞተዋል፤ ጉሙ ግን አሁን ከእነሱ ርቆ በዘንዶው ዙሪያ ተከማችቷል። መቋሚያው ከአጠገባቸው ወድቋል። ከፊት ለፊት እንደ ኮረብታ የተጠቀለለው ድርማን ቀስ እያለ ራሱን ያነሣ ነበር።

ዘሚካ መቋሚያውን አነሣች። ኮርሚ መውጫ ገመዱን ከቋጥኙ ጋር እንድታጠብቅ ነግሯት፣ እስከዚያ ልያዝልሽ ብሎ ተቀበላት። ቋጥራ ዞር ስትል እያነከሰ ወደ ጉሙ እየገባ ነበር።

«አጎቴ፣ መሐላው የእኔ ነው!»

ኮርሚ አልዞረም። «የማልሽው ልትመልሺው ነው። እመታበታለሁ አላልሽም።»

መቋሚያውን በዘንዶው ዓይኖች መካከል ሰካው። ገደሉ ተናወጠ፤ ጉሙም ወደ ዘንዶው ጉሮሮ ተመልሶ ጠፋ። ዘሚካ ስትደርስ ድርማን ድንጋይ ሆኗል። ኮርሚም መቋሚያውን እንደጨበጠ ተንበርክኮ ቀርቷል፤ ደረቱ አይንቀሳቀስም። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀች።

ሳልም በእልልታ ተቀበለቻት። የደብሩ ጸሐፊ በደብሩ የታሪክ መጽሐፍ ላይ «ጻድቁ ዘርዓም ዳግመኛ ድርማንን ድል ነሣ» ብሎ ጽፎ አነበበላት። ዘሚካ የአጎቷ ስም እንዲገባ ጠየቀች። አባ ዜናም በዚያ መጽሐፍ ከጻድቁ በቀር የማንም ስም ተጽፎ እንደማያውቅ በዝግታ አስረዷት።

«አባቴ፣ ጻድቁም እዚያ ሲወርዱ ሰው ነበሩ» አለች። «ኮርሚ ብለው ይጻፉልኝ። እያነከሰ እንደሄደም ይጻፉ።»

አባ ዜናም ብርዑን ከጸሐፊው እጅ ወስደው ራሳቸው ጻፉ።