ለሁለት የተሰበረው ጡብ

ጋሽ ዝሜ የምድጃው ክፍል ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ቁስል የለው፣ ደም የለው። ጡቡ በእሳት እንዳይበላ አየሩን ጠርጎ የሚያስወጣው ጋዝ፣ ሰውየው ውስጥ እያለ ተከፍቶ የሚተነፍሰውን አሳጣው።

ሟቹ ከድምፅ አምስት እጥፍ በሚፈጥን የጦር አውሮፕላን አፍንጫ ላይ የሚለጠፈውን ሙቀት መከላከያ ጡብ ፈታሽ ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ሆድ ይፍጀው ባይ ነበራ! ጡቡን ከወደደው ይተወዋል፣ ካልወደደው ለሁለት ይሰብረዋል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣውም። እሱ ሳያሳልፈው አውሮፕላኑ አይነሳም፤ የሙከራ በረራው ደግሞ በማግስቱ ነበር።

በዚያ ፋብሪካ ወደ ምድጃው የሚገባ ሰው ጋዋኑን በሩ ላይ ይሰቅላል። ጋዋን ተሰቅሎ ጋዝ አይከፈትም።

መርማሪው፣ ጥድፊያ የማያውቅ ሰው፣ ሦስት ሠራተኞችን ለየብቻ አነጋገረ። ሥራ አስኪያጁ ስለ በረራው ሲያማርር ሟቹን ረሳው። ጡቡን የሠራው ቀማሚ ከጋሽ ዝሜ ጋር ዓይንና ናጫ እንደነበሩ አልደበቀም። ጋዙን የከፈተችው ቴክኒሻን፣ አውሮፕላኑን የሚያበርረው አብራሪ ታላቅ እህት፣ እንባዋን እየጠረገች፣

«በሩ ላይ ምንም አልነበረም። ጋዋኑን ሎከሩ ውስጥ ትቶት ነው የገባው» አለች።

ሎከሩ በመዶሻ የተሰበረው ከዚያ በኋላ ነው። ጋዋኑ ውስጡ ነበር፤ የሎከሩ ቁልፍም ጋዋኑ ኪስ ውስጥ።

ከሰዓት መርማሪው ሁሉንም፣ አብራሪውን ጨምሮ፣ ምድጃው በር ላይ ሰበሰባቸው።

«ይህ ሎከር ሲገፉት ራሱ ይቆለፋል። ባለቤቱ ቁልፉን ውስጥ አይቆልፍበትም። ጋዋኑን ከበሩ አንስቶ ክፍት የተተወው ሎከር ውስጥ የከተተው ሌላ ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁና ቀማሚው ጡቡን እንዲያሳልፍላቸው በሕይወት ይፈልጉት ነበር። በረራው እንዲቀር የፈለገውስ ማን ነው? ደግሞ እህቴ፣ ሎከሩ ሳይከፈት ጋዋኑ እዚያ እንዳለ በምን አወቅሽ?»

ቴክኒሻኗ መለሰች። «ጡቡ በረራው ላይ እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ። እንዳያሳልፈው እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት፤ አንዲት ቃል አልመለሰልኝም። ያለኝ አንድ ወንድም ነው።»

መርማሪው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጨርቅ ገለጠ። ጡቡ ለሁለት ተሰብሯል።

«ሬሳውን ስናነሳ ከሥሩ ያገኘነው ነው» አላት።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ይህ ግን የሚለቀም አልነበረም፤ ምስኪኑ ሰውዬ መልሷን በእጁ ሰጥቷት ነው የሞተው።

አብራሪው ስባሪዎቹን አነሳ፤ ፊቷን ማየት አቃተው።

«እትዬ፣ ለእሱ ከምትለምኚ ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? አልበርም ነበር እኮ።»