የተገለበጠ ማልያ

ሁለት የልጅ ልጆች ያሏት ሴት፣ አንደኛውን የሚያስደስተው ነገር ሌላውን የሚያስከፋበት ቀን ሲመጣ ለየትኛው ትጸልይ? ያን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሳሎኔ በሰው ተሞልቶ፣ እኔ በጓዳው በር ላይ ትሪ ይዤ ቆሜ የማሰላስለው ይህንኑ ነበር። ሻዩም ቀዘቀዘብኝ።

«ማልያ ገልብጡ!» አለ ልጄ።

ልጄ ፀጉር አስተካካይ ነው። የትልቁ ክለብ ደጋፊዎች ማኅበር የሰፈራችን ቅርንጫፍ ሰብሳቢም እሱ ነው። ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ስለሚጨናነቅ ስብሰባው እኔ ሳሎን ይደረጋል። ማልያ መገልበጥ ደግሞ የቅርንጫፉ ደንብ ነው። አንድ ጊዜ በአንድ አሰልጣኝ መባረር ተጨቃጭቀው የመስኮቴን መስታወት ከሰበሩ ወዲህ፣ ትልቅ ነገር ከመወሰኑ በፊት ሁሉም ማልያውን ገልብጦ ከልብሱ በላይ ያጠልቅና የማይፈልገውን ወገን ደግፎ ይናገራል። የሚፈልገው ጉዳቱን፣ የማይፈልገው ጥቅሙን። በመሃል ሙድ የያዘ ብርጭቆ ያጥባል። ከዚያ በኋላ መስታወቴ ደህና ነው።

የዚያን ቀኑ ጉዳይ ግን ከአሰልጣኝም ይበልጥ ነበር። ትልልቆቹ ክለቦች ከሊጉ ወጥተው የራሳቸውን ሊግ ሊያቋቁሙ ነው፤ «ልዩ ሊግ» ይሉታል። የእኛም ክለብ ተጋብዟል። አመራሩ ከመፈረሙ በፊት የደጋፊውን ድምፅ እሰማለሁ ብሎ ከየቅርንጫፉ ሁለት ሰው ለዚያው ዕለት አመሻሽ ወደ ክለቡ አዳራሽ ጠርቷል፤ አንድ ለአዋቂዎች፣ አንድ ለወጣቶች። ለአዋቂዎቹ ልጄ ይናገራል። ለወጣቶቹ የምትናገረው የሱ ልጅ ናት።

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የሰፈሩ ልጆች «ጥይት» ይሏታል። በምቷ ነው አሉ፤ እኔ ግን ስሙን በሰማሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። የምትጫወትበት ቡድን የላትም። ከወንዶቹ ጋር ስትጫወት ቆይታ፣ ዘንድሮ አሰልጣኙ «ከእንግዲህ አይሆንም፣ ትጎዳለች» ብሎ መለሳት። እውነቱን ልናገርና እኔ ያን ጊዜ እፎይ ብዬ ነበር። እሷ ግን ከትምህርት ቤት መልስ ከቤቱ ጀርባ ኳሷን ከግድግዳ ጋር እያጋጨች ታመሻለች። ልዩ ሊጉ ደግሞ አንድ ደንብ አለው፤ የሴቶች ቡድን የሌለው ክለብ አይገባም።

ታላቅ ወንድሟ በረኛ ነው። የሚጫወተው ግን ለወንዝ ማዶው ትንሽ ክለብ ነው፤ ዘንድሮ ዋናው በረኛ ሆኗል። የዚያ ክለብ ሜዳ የሚሞላው ትልልቆቹ ሲመጡበት ብቻ ነው። ትልልቆቹ ከቀሩ ክለቡ ከዓመት በላይ አይቆይም ብለው የራሱ ተጫዋቾች ያወራሉ። እንግዲህ ሁለቱም አንድ ቤት ነው የሚያድሩት፣ ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት።

መጀመሪያ የተነሳው ባለ ታክሲው ነው። ልዩ ሊጉን ከሁሉም አብልጦ የሚፈልገው እሱ ነው፤ ስለዚህ መቃወም አለበት። በተገለበጠው ማልያ ላይ የቁጥሩ ስፌት ክሩ ወጣ ወጣ ብሎ ይታያል።

«እሺ፣ ልዩ ሊግ አያስፈልግም» አለ ጭንቅላቱን እያከከ። «ለምን ብትሉኝ፣ ከደካማ ጋር ተጫውቶ አምስት ለባዶ መርታት ይናፍቀኛል።»

ሳሎኑ በሳቅ ተናጋ።

«ሙድ ነው! ብርጭቆው ያንተ ነው» አለው ልጄ።

«እሺ ወንድሜ፣ አጥባለሁ። አሁን ከምሬ ነው።» ባለ ታክሲው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚያ ሊግ ውስጥ መውረድ የለም። መጨረሻ ብትወጣም ከርሞም እዚያው ነህ። የዛሬ ሦስት ዓመት ልንወርድ ስንል ትዝ ይላችኋል? ሬዲዮኑን ሳዳምጥ ተሳፋሪዬን ከመውረጃው አሳልፌ ከተማ ዳር አድርሼዋለሁ። እሱም ደጋፊ ኖሮ አልተቆጣኝም። ያ ፍርሃት ከሌለ፣ ስንተርፍ ያለቀስኩትስ ከየት ይመጣል?»

ማንም አልሳቀም። እሱም በራሱ ንግግር የደነገጠ ይመስል ቶሎ ተቀመጠ።

ቀጥላ ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። እሷ ልዩ ሊግ የሚለውን ቃል መስማት አትወድም።

«ጥቅሙን ልናገር እንግዲህ፣ ደንብ ነው። ለልዩ ሊጉ ሲባል ስታዲየሙ ይታደስና ጣራ ይኖረናል። ወንበሩ ቁጥር ስለሚኖረው ቦታ ለመያዝ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ አንሰጣም። ደግሞ የሴቶች መጸዳጃ ቤት! እናንተ ወንዶች ይሄ አይገባችሁም። እኔ በእረፍት ሰዓት ከስታዲየም ወጥቼ የዳቦ ቤቱን ሴትዮ ቁልፍ ስለምን ጨዋታው ተጀምሮ ስንት ጎል እንዳመለጠኝ እግዜር ያውቃል።»

«እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት?» አለ ባለ ታክሲው።

«ይሄን ሁሉ ዓመት! ያፈረ ይፈር።»

ከዚያ የልጅ ልጄ፣ በረኛው፣ ተነሳ። ረጅም ስለሆነ ሳሎኔ ውስጥ ሲቆም አምፖሉን እንዳይመታው እሰጋለሁ። እህቱ ማዶ ወንበር ላይ ተቀምጣ ምንጣፉን ታያለች።

«ጥቅሙ አንድ ነው ለእኔ» አለ። «የሴቶች ቡድን ይቋቋማል። በር ላይ ሆኜ ብዙ ሰው መትቶብኛል። እሷ ስትመታ ግን እጄ ይቃጠላል። እንዲህ የምትመታ ልጅ ኳስ የሚያቀብላት ግድግዳ ብቻ ነው። እኔ አሰልጣኝ አለኝ፣ ማልያ አለኝ፣ ስሳሳት የሚሰድበኝ ደጋፊ እንኳ አለኝ። እሷን ማንም ሰድቧት አያውቅም።» ሊቀመጥ ጎንበስ ካለ በኋላ እንደገና ቀና አለ። «ጨርሻለሁ።»

ትሪውን ቡፌው ላይ አስቀመጥኩት።

ጥይት ተነሳች። የማልያዋ የፋብሪካ ምልክት ወደ ውጭ ወጥቶ አንገቷ ላይ ተገትሯል። እየደጋገመች ታከዋለች።

«ልዩ ሊጉ ጥሩ አይደለም» አለች። «ወንዝ ማዶ ሄጄ አይቻለሁ። የእኛ ክለብ እነሱ ሜዳ በሚሄድበት ቀን ልጆቹ ከማለዳ አጥሩ ላይ ይወጣሉ። የሜዳውን መስመር ኖራ እንኳ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ደግመው ነው የሚቀቡት። ወንድሜ የዓመቱን ትልቅ ኳስ የሚይዘው ያን ቀን ነው። ዘንድሮ የእኛን አጥቂ ብቻ ለብቻ አግኝቶ ሲያድንበት፣ እኔ ትልቁን ክለብ የምደግፈው ልጅ፣ ከደጋፊዎቻችን መሃል ብድግ ብዬ ጮኽኩ። ሰዎቹ ዞር ብለው አዩኝ። ትልልቆቹ ካልመጡ እሱን ማን...»

እዚህ ላይ አቋረጠችና ተቀመጠች። «በቃኝ» አለች።

የአዋቂዎቹ እጅ ተቆጠረ፤ «ይቅር» ያሉት በጥቂቱ በለጡ። እኔም በልቤ ተገላገልን አልኩ። ልጄ ግን «የእኔ አፍ የእናንተ ነው፣ ይቅር እላለሁ» ካለ በኋላ ወደ ልጁ ዞረ። «አንቺ በእኔ አትታሰሪም። የወጣቶቹ ድምፅ ለብቻው ነው የሚያዘው። ልጆቹ ምን አሉሽ?»

«አንቺ ያልሽው የእኛም ነው አሉኝ።»

«እንግዲያው አስቢበትና አዳራሹ እንገናኝ» ብሎ ወደ ፀጉር ቤቱ ሮጠ።

ባለ ታክሲው ብርጭቆ ማጠብ ቢጀምርም ደንበኛ ሲደውልለት አረፋውን በሱሪው ጠርጎ ጠፋ። የቀረውን ጥይት ታጥብ ጀመር። አጠገቧ ቆሜ አደርቃለሁ። ዝምታ ግን አይሆንልኝም።

«የኔ እናት፣ ለምን አትቀሪም? ራሷን አሟታል እለዋለሁ ለአባትሽ። ፊትሽም ልክ አይደለም።»

«ከቀረሁ ምን ይሆናል?»

«ምንም አይሆንም! የአባትሽ ቃል ይበቃል። ማንም አይወቅስሽም፣ ወንድምሽም አይቀየምሽም።»

«ምንም አይሆንም» አለች ቃሌን ደግማ። ያንኑ ብርጭቆ ሁለቴ አለቀለቀችው። ከዚያ እጇን አድርቃ ክፍሏ ገባችና አልጋዋ ላይ ተጋደመች። ቀኑ ሙቀት ነበር፤ ቢሆንም ብርድ ልብስ ደረብኩላት። ውሸታችን እንዲያምር ይሆናል።

ኮሪደሩ ላይ የታጠፈ አንሶላ መልሼ እያጠፍኩ ሳለ ወንድሟ ለልምምድ ሊወጣ ጓንቱን ፍለጋ ገባ። በሩን ክፍት ተወው።

«እንዴ! በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ?»

«ራሴን አሞኛል።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«እማማ።»

ሳቀ። እኔም እዚያው አንሶላዬ ውስጥ ፊቴን ደበቅሁ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ሽቦው ሲጮህ ሰማሁ።

«ቅድም ያልኩት ለደንቡ ብዬ አይደለም» አላት። «ከልቤ ነው።»

«እኔም ከልቤ ነው።»

«ነቅቼብሻለሁ። ለዛ ነው መጨረስ ያቃተሽ።»

ብርድ ልብሱን ገፋ አድርጋ ተነስታ ተቀመጠች።

«ልዩ ሊጉ እንዲመጣ እፈልጋለሁ» አለች። «ይኸው ነገርኩህ። ሌላ ሰው ሳይነግርህ እኔ ልንገርህ ብዬ ነው።»

የጓንቱን ጣቶች አንድ በአንድ ይጎትታል።

«ግን እንዲህ ልላቸው እችላለሁ፤ ትልልቆቹ በዓመት አንዴ እናንተ ሜዳ እየመጡ...»

«ተይ አቦ!» ድምፁ ጠነከረ። «ምጽዋት አትለምኚልን። እሺ የምትይ ከሆነ እሺ በይ። ለእኔ ብለሽ ግማሽ እሺ አትበይ።»

«ተቀየምከኝ?»

ጓንቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ከፍቶኛል» አላት። «ልዋሽሽ?»

«አትዋሸኝ።»

«ይኸው አልዋሸሁሽም።»

ገብቼ አንድ ነገር ልበል አልኩ። አንዷን «እንኳን» ብል ሌላኛው አለ። ሌላኛውን «አይዞህ» ብል እሷ አለች። ሳሎን ያለው ስልክ ሲጮህ ደስ አለኝ ማለት ይቻላል።

«እማዬ» አለ ልጄ ከዚያ ወገን። ከኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማል። «አዳራሹ እየሞላ ነው። ልጅቷ ወጣች ወይስ አልወጣችም?»

ራስ ምታቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚቀረኝ። በዚያ ቃል ቤቴ እንደ ትናንቱ ይውል ነበር፤ ማታም ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ይበሉ ነበር።

በዚህ መሃል ከክፍሏ ወጣች። ፊቷን ታጥባለች፤ ግንባሯ ላይ ያለው ፀጉር ርጥብ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቁጢጥ ብላ የጫማዋን ክር አሰረች፤ ከዚያ ቆማ ስልኩን የያዝኩበትን እጄን አየች፤ ቀጥላም ዓይኔን። አልለመነችኝም። የምለውን ለመስማት ብቻ ቆመች።

«እማዬ? ትሰሚኛለሽ?»

«አሁን እየወጣች ነው» አልኩት።

ወደ ክፍሉ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየች። ወንድሟ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ እዚያው አልጋው ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ አልተነሳም። በስንት ሰዓት እንደምትመለስ፣ ከማን ጋር እንደምትመጣ፣ ሹራብ መያዝ አለመያዟን መጠየቅ ነበረብኝ። አንዱንም አልጠየቅኳት። እሷም በሩን ከፍታ ወጣች።