የመንግሥት ዱቄት

«እንዲህ ያለውን ሌባ ነበር አደባባይ ላይ ማንጠልጠል!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ የአልጋውን ብረት በመዳፉ እየመታ። «የልጆች ደም መጣጭ!»

አልጋውን ከበው የቆሙት ጎረቤቶች በሙሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጡረተኛው አስተማሪ «አገር የጠፋችው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ነው» አሉ። ባለሱቋ ያመጣችውን ብርቱካን ኮመዲኖው ላይ አስቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

አልጋው ላይ የተኛችው ልጅ ቀኝ እግሯ እስከ ጭኗ ድረስ በጄሶ ታስሯል። የሰፈሩም የክፍሉም ልጆች «ሬዲዮ» ነው የሚሏት፤ ከእንቅልፏ ስትነቃ ተከፍታ የምትዘጋው ስትተኛ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት በእረፍት ሰዓት የአዲሱ መማሪያ ክፍል ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጣ ስታወራ፣ ተመርቆ ዓመት እንኳ ያልሞላው ግድግዳ ላይዋ ላይ ተደረመሰ። ሰዎች ብሎኬቱን እያነሱ ሲያወጧት፣ ብሎኬቶቹን ማያያዝ የነበረበት ነገር በጣት ሲነኩት ይፈረፈር ነበር። አሸዋ ነው፤ ሲሚንቶ የሚባል ነገር የሸተተው አይመስልም።

ከሁሉም ኋላ፣ መስኮቱ ሥር፣ የልብ ጓደኛዋ ቆማለች። እሷን ደግሞ «ጠበቃ» ይሏታል። የሒሳብ መምህሩ ያለአግባብ የቀነሰባትን ግማሽ ማርክ ለማስመለስ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ድረስ ሄዳ ከተከራከረች ወዲህ የወጣላት ስም ነው።

«ጠበቃዬ፣ ምን ሆነሽ ነው የተደበቅሽው? ነይ እንጂ!» አለች ሬዲዮ። «ነገ ትምህርት ቤት ስብሰባ አለ አይደል? የግድግዳውን ጉዳይ የሚያጣራው መርማሪ ከከተማ ይመጣል አሉ። ስለኔ አንቺ ተናገሪ፣ እሺ? አንቺ ከጀመርሽ ሰውዬው ላብ በላብ ነው የሚሆነው። ሙድ አለው! እኔ ብሆን እኮ መሀል ላይ ስለሌላ ነገር ማውራት እጀምራለሁ።»

ሁሉም ሳቀ። ጠበቃም ልትስቅ ሞከረች።

«እሺ» አለች፤ ግን ወደ አልጋው አልቀረበችም።

*

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲሠራ፣ አመሻሽ ላይ ሠራተኞቹ ከሄዱ በኋላ፣ ከግንባታው ግቢ ሲሚንቶ ይወጣ ነበር። በግማሽ ዋጋ። ሰፈሩ ስም አውጥቶለት ነበር፤ «የመንግሥት ዱቄት»። «ዛሬ የመንግሥት ዱቄት ገብቷል?» ይባባላሉ፣ ይሳሳቃሉ። ፀጉር አስተካካዩ የደጁን ደረጃ ሠራበት። ጡረተኛው አስተማሪ የአጥራቸውን ግንብ አስለሰኑበት። ባለሱቋ ለሱቋ መጋዘን ጨመረችበት።

የጠበቃ እናት ልብስ ሰፊ ናት። በዚያን ጊዜ የቤታቸው ወለል አፈር ነበር። አቧራው የደንበኛ ጨርቅ ያበላሻል፣ እናቷን ደግሞ ያስላታል፤ አንዳንዴ ሳሉ መርፌውን እስክትስት ድረስ ያንቀጠቅጣት ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እናትና ልጅ ጋሪ ተከራይተው ሄዱ። የግንባታውን መጋዘን ቁልፍ ይዞ የቆመው ዘበኛው አልነበረም፤ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ፎርማኑ ራሱ ነበር። «ከዚህ በኩል ውሰዱ፣ ያኛው ርጥበት ነክቶታል» አላቸው። ጠበቃ ጋሪውን ከኋላ እየገፋች፣ እናቷ ከፊት እየጎተተች ቤት ገቡ። ወለሉ ሲደርቅ ሁለቱም ባዶ እግራቸውን ተራመዱበት። ቀዝቃዛ፣ ልስልስ ያለ ወለል። እናቷ ያን ሰሞን አልሳለችም።

ጠበቃ ያኔ የተሰማት ደስታ ብቻ ነበር። አሁን ያን ደስታ ማስታወስ አትፈልግም።

*

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ፎርማኑ የተቋራጩ ወኪል ሆኖ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ሸሚዙ የተተኮሰ ነው። ዘበኛው ደግሞ ከጎኑ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ደፍቷል።

«ድርጅታችን በደረሰው አደጋ እጅግ አዝኗል» አለ ፎርማኑ። «ይህ ዘበኛ እኛ ሳናውቅ ጥቂት ከረጢት እንደሸጠ አምኗል።»

አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። «ሌባ!» «ይታሰር!» ፀጉር አስተካካዩ ተነሥቶ ጣቱን ቀሰረ። «ልጆቻችን ላይ መቃብር ነው የሠራችሁት!» ጭብጨባው ቀለጠ።

መርማሪው ሸንቃጣ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ነው። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀ።

«መልካም» አለ። «ጥቂት ከረጢት ቢጎድል ግድግዳ አይወድቅም። ለወራት ነው የተሸጠው፤ ዘበኛ ብቻውን ይህን ሊያደርግ አይችልም። ይህን ለማለት ግን የገዛ ሰው ያስፈልገኛል። መጋዘኑን ማን ከፈተለት? ከማን እጅ ተቀበለ? ከእናንተ መሀል የገዛ፣ ሲገዛ ያየ አለ?»

ያ ሁሉ ድምፅ ወዴት ገባ? የአዳራሹ ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንቋቋ ተሰማ። ፀጉር አስተካካዩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጡረተኛው አስተማሪ መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውሉ ጀመር። ባለሱቋ ስልኳን አወጣች።

«ለማን ሸጥክ?» አለ መርማሪው ወደ ዘበኛው ዞሮ።

ዘበኛው ቀና አለ። ዓይኑ በሰዉ ላይ ተንከራተተ፤ ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ ሁሉም ያውቁታል። «ለአላፊ አግዳሚ ነው፣ ጌታዬ» አለ። «አላስታውሳቸውም።»

ጠበቃ ከወንበሯ ብድግ ስትል እናቷ ቀሚሷን ከኋላ ጨምድዳ ያዘች። «ቁጭ በይ» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። ልጅቷ ተቀመጠች። መርማሪው ያያት መሰላት።

*

«እማዬ፣ ፎርማኑን እኮ አይተነዋል» አለች ቤት ሲገቡ።

«ምንም አላየንም።»

«አንቺ ራስሽ ‹እግዜር ይስጥልኝ› ብለሽዋል!»

እናቷ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ክር ማስገባት ጀመረች። ክሩ እምቢ አላት። «ሰው ሁሉ ገዝቷል። እኔ ብተወው ሌላው ይገዛው ነበር።»

«ሌላውም እንደዛ እያለ ነዋ የገዛው! ሬዲዮ እግሯ...»

«የሬዲዮን እግር እኔ ነኝ የሰበርኩት?» እናቷ ጮኸች። ጩኸቷ ራሷንም ያስደነገጣት ይመስላል፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። ልብስ የሚያሰፋኝ ማን ነው? ይሄው ሰፈር ነው። እኔ ‹ገዝቻለሁ› ካልኩ ‹እነማን ነበሩ?› መባሉ ይቀራል? ነገ በዚህ በር ማን ይገባል? አንቺ ደብተር ይገዛልሽ፣ ጫማ ይገዛልሽ በምን? ተከራክረሽ ትመልሺልኛለሽ?»

ጠበቃ በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች።

መርማሪው ትምህርት ቤቱ የሰጠው ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሻይ እየጠጣ ነበር። በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ ጋሪውን፣ መጋዘኑን፣ ቁልፉን። ሰምቶ ሲጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«አሥራ አራት።»

«ያለ ወላጅ ቃልሽን ልቀበል አልችልም። እናትሽን ይዘሽ ነይ። ነገ ረፋድ ላይ ወደ ከተማ እመለሳለሁ።»

«ብትመጣማ ይዣት እመጣ ነበር!»

«አውቃለሁ» አለ መርማሪው። «እኔ ዘበኛ ማሳሰር ሰልችቶኛል፣ እህቴ። ግን ባዶ እጄን ምን ላድርግ?»

ከዚያ ወጥታ እግሯ ወደ ሆስፒታሉ መራት። የሬዲዮ እናት የልጇን ፀጉር እያበጠረች ነበር። ጠበቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም አወጣችው። «የኛ ቤት ወለል ከዚያ ነው። ጋሪውን የገፋሁት እኔ ነኝ። ትናንት ልነግርሽ አልቻልኩም።»

ጠበቃ ስድብ ጠብቃ ነበር።

ሬዲዮ ግን ቀስ ብላ ወደ እናቷ ዞረች። «እማ... የእኛስ የውሃ ማጠራቀሚያ? ሲሚንቶው ከየት ነው?»

ማበጠሪያው ቆመ።

«እማ?»

«ዝም በይ አንቺ!» የሬዲዮ እናት ተነሣች። ፊቷ ደም ለብሷል። «ልጄ እዚህ ወድቃ፣ አንቺ ደግሞ እኔን ልትወነጅዪ ነው የመጣሽው?»

«እትዬ፣ እኔ የኛን ልናገር ነው እንጂ...»

«ውጪልኝ! ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ!»

ጠበቃ በኮሪደሩ ስታልፍ እንባዋን አልጠረገችውም። ተናገረች፤ ለእናቷ፣ ለመርማሪው፣ ለጓደኛዋ። ያተረፈችው ነገር ቢኖር መባረር ብቻ ነው።

*

ጠዋት አብራት ወደ መርማሪው እንድትሄድ እናቷን አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀቻት። እናቷ መኪናዋን መርገጥ አላቆመችም። ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፤ ክፍል አልገባችም። የመርማሪው ክፍል በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መርማሪው ብቅ ብሎ ብቻዋን መሆኗን አየና ተመልሶ ገባ።

ጥቂት ቆይቶ የሬዲዮ እናት መጣች። የትናንቱን ልብስ እንደለበሰች ነው። ጠበቃን ቀና ብላ ሳታያት ከወንበሩ ሌላኛው ጫፍ ተቀመጠች።

«ሌሊቱን ሙሉ ስትጨቀጭቀኝ አደረች» አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ። «ያ ሐኪም ጄሶውን እግሯ ላይ ሳይሆን አፏ ላይ ነበር ማሰር ያለበት።»

ከዚያ ተነሥታ ገባች። በሩ አልተዘጋም።

«ገዝቻለሁ» ሲል ተሰማ ድምፅዋ። «ሁለት ጊዜ። የከፈተልኝ ፎርማኑ ነው። ብሩን ለራሱ እጅ በእጅ ነው የሰጠሁት።» መርማሪው ይጽፋል። «ልጄ እዚያው ትምህርት ቤት እንደምትማር አውቅ ነበር። እንዴት እንዳላሰብኩት... እሱን አይጻፉት።»

ስትወጣ ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ በግቢው መሀል ወደ ዋናው በር ሄደች። መርማሪው ተከትሎ ወጣ። ፊቱ ፈታ ብሏል።

«በቃ፣ ክፍልሽ ግቢ» አላት ጠበቃን። «አንድ ምስክር አግኝቻለሁ። የእናንተ ቤት ስም ሳይነሣም ይሆናል። እናትሽን አታስጨንቂያት።»

ልጅቷ ትከሻዋ ላይ የነበረ ነገር የወረደላት መሰላት። አለቀ ማለት ነው። እናቷ መኪናዋን ትረግጣለች፣ ደንበኞች በዚያው በር ይገባሉ፣ እሷም ማንንም ሳታስቀይም ተርፋለች። ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ክፍሏ መንገድ ጀመረች።

ዋናው በር ላይ ጎረቤቶች ተሰብስበዋል፤ ማን ወደ መርማሪው እንደሚገባ ለማየት ነው የመጡት። የሬዲዮ እናት ስታልፍ መንገድ ለቀቁላት፤ ተላላፊ በሽታ እንዳለባት ሁሉ ራቅ ራቅ ብለው።

«እሷም ከሌባው ጋር ነበረች ለካ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«የገዛ ልጇን እግር በሲሚንቶ የለወጠች!» አለች ባለሱቋ፤ ለሹክሹክታ በጣም በሚጮኽ ድምፅ። «ምን ዓይነት እናት ናት?»

የሬዲዮ እናት እርምጃ ተደነቃቀፈ።

ጠበቃ ቆመች። ጆሮዋ ጋለ። ባለሱቋን፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ ከእነሱ ኋላ መነጽራቸውን የሚወለውሉትን አስተማሪ አየቻቸው። ከዚያ ዞራ ወደ መርማሪው ተመለሰች። ወረቀቱን ወደ ቦርሳው እያስገባ ነበር።

«አይጨርሱ» አለች። «የእኛም አለ።»

«ነገርኩሽ እኮ፣ አያስፈልግም። ደግሞም ያለ እናትሽ...»

«እናቴ አልመጣችም። ቤታችን ግን ቅርብ ነው፤ እርስዎ መምጣት ይችላሉ። ቤት ናት።»

መርማሪው ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሣ።

ልጅቷ ቀድማ ወጣች። እናቷ ምን እንደምትላት፣ በሩ ላይ ምን ዓይነት ፊት እንደሚጠብቃት ታውቃለች። ግን ግቢው መሀል ስትደርስ፣ በር ላይ የቆሙት ሁሉ እንዲሰሙ አድርጋ የሬዲዮን እናት ተጣራች።

«እትዬ! ይጠብቁኝ፣ አብረን እንሂድ። መርማሪው ወደ እኛ ቤት እየመጣ ነው።»