የሌታ ሴሎች የሚሄዱበት

ታሪኩ የደረሰው በእኔ ላይ አይደለም፤ በአክስቴ በሲንቄ ላይ ነው። እሷ ደግሞ ለቀልድ እንኳ የማትዋሽ ሴት ናት። እንደነገረችኝ ልንገራችሁ።

ጥቅምት 1979 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከጉደር ወጣ ብላ ያለች ትንሽ ክሊኒክ።

ሲንቄ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረች። ከግድግዳው ማዶ ታናሽ ወንድሟ ሌታ ተኝቷል። ማረሻ የግራ እግሩን አውራ ጣት ስለጎዳው ጣቱ ተቆርጧል።

ቁስሉ ግን አልድን አለ። መግል እንኳ አልቋጠረም... ዝም ብሎ ክፍት ነው።

ነገ ወደ አዲስ አበባ ይወስዱታል። እግሩን ሊቆርጡት።

«ያ ሲንቄ... ጣቴ አፈር ገብቶበታል» አለ ሌታ ከግድግዳው ማዶ። («ያ» በኦሮምኛ «አንቺ» ብሎ መጥሪያ ነው።)

«የትኛው ጣትህ?»

«የተቆረጠው።»

ቁስል የሚያሽጉት ድሬሰሩ ኦቦ ጉደታ ሳቁ። «ጥፍሩንም ልቁረጥልህ እንዴ?»

ሲንቄ አልሳቀችም። ጣቱን በፋሻ ጠቅልላ ግቢው ውስጥ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር የቀበረችው እሷ ናት።

ቁስሉ ለምን እንዳልዳነ ለማየት ከሌታ ደም አንድ ጠብታ ወስዳ ስላይድ ላይ አደረገች። እንዳይቀዘቅዝ ብብቷ ውስጥ ያዘችው። ከዚያ በማይክሮስኮፕ አየችው።

ነጭ ሴሎች ቁስል ይጠራቸዋል። ገላቸው ላይ ጥሪውን የሚቀበሉ ተቀባዮች አሉ። ጥሪው ሲነካቸው መልእክቱ ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን እየተላለፈ ወደ ውስጥ ይገባል። ሴሉም ጥሪው ወደበረታበት በኩል እግር አውጥቶ ይሳባል። ትምህርት ቤት የተማረችው ይህንን ነው።

የሌታ ሴሎች እየተሳቡ ነው። ሁሉም... ወደ አንድ ጎን።

ስላይዱን አዞረችው። ሴሎቹ ቆሙ።

ቀስ ብለው ዞሩ። ወደዚያው ጎን።

ወደ ግድግዳው። ወደ ሌታ!

«ቁስሉ እየጠራቸው ነው...» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እግሩ ሊተርፍ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት።

ማይክሮስኮፕ ግራውን ቀኝ፣ ፊቱን ኋላ አድርጎ ገልብጦ ነው የሚያሳየው።

ቀስ ብላ ዞረች። ከግድግዳው ትይዩ መስኮት አለ። ከመስኮቱ ውጭ... ባሕር ዛፉ።

የራሷንም ደም አየች። የእሷ ሴሎች እንዲሁ በየፊናቸው ይንከራተታሉ። የሚጠራቸው የለም።

«ኦቦ ጉደታ... ዶማ አለ?»

«ለምንሽ?»

«እባክዎ፣ ዝም ብለው ይስጡኝ።»

ቆፈረች። አፈሩ ለብ ያለ ነበር።

ፋሻውን ፈታች።

ጣቱ አልሸተተም። አልጠቆረም። የተቆረጠበት ቦታ... ድኗል። ስስ፣ ሮዝ ቆዳ ለብሷል።

መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ይሞቃል።

ያኔ ከውስጥ የሌታ ድምፅ ተሰማ። ከተኛበት ሊያያት አይችልም።

«ያ ሲንቄ... እጅሽ ለምን ይቀዘቅዛል?»

መዳፏ ላይ ጣቱ ቀስ ብሎ ታጠፈ።