በጠፋ ሞተር

«ዝም በሉና ስሙት!» አለ ኤቬሊዮ። ማርሹን ዜሮ አደረገና የሞተሩን ቁልፍ አንዴ ወደ ኋላ መለሰው።

ሞተሩ ጠፋ። ዪፔታዋ፣ ያቺ ትልቅ ጥቁር የመስክ መኪና፣ ግን አልቆመችም። ከተራራማዋ ሃራባኮዋ ወደ ላ ቬጋ ከተማ የሚወስደውን ቁልቁለት በገዛ ክብደቷ ተያያዘችው። የሚሰማው የጎማዎቹ ድምፅ ብቻ ነበር።

«ይኸው! አንድ ጠብታ ቤንዚን አልወጣም። በነጻ እየሄድን ነው!»

ልጁ ዩዴልካ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከአባቷ ጎን ቦርሳዋን ታቅፋ ቀኝ እግሯን ከወለሉ ጋር አጣብቃ ትጫናለች፣ በእሷ በኩል ፍሬን ያለ ይመስል። ከኋላ የሰባት ዓመቱ ወንድሟ ራንሴል አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ላብ ጸጉሩን ግንባሩ ላይ ለጥፎታል። መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ናቸው፤ ማቀዝቀዣውም አልበራም።

የመስኮቱ ነገር እኮ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ኤቬሊዮ ሥራው ለከተማ ሀብታሞች የቪላ መሥሪያ ቦታ ማሻሻጥ ነው። «ደንበኛ መሬቱን ከማየቱ በፊት የምወርድበትን መኪና ነው የሚያየው» ይላል። ስለዚህ ይህችን የቆዳ ወንበርና የእንጨት ጌጥ ያላትን ዪፔታ ከአንድ ጡረታ ከወጣ ሐኪም ገዛ። ዕድሜዋ ከዩዴልካ ይበልጣል። ከውጭ ላያት ታምራለች፤ ቤንዚን አጠጣጧ ግን አይጣል ነው። ማቀዝቀዣው ከበራ ደግሞ ይብስባታል። ስለዚህ አይበራም። መስኮትም አይከፈትም፤ ከተከፈተ ማቀዝቀዣው እንዳልበራ ሰው ያውቃላ! ራንሴል እየሰረቀ ሲከፍት ጊዜ አባትየው የመስኮቶቹን ቁልፍ ከሾፌሩ በኩል ዘጋው። አንድ ቀን እንዲያውም ነዳጅ ማደያው ጋ ደንበኛ ቆሞ ስላየ፣ ልጁን በዚያ ሙቀት ሹራብ አስለብሶታል። «ማቀዝቀዣው አብርዶት ነው» እንዲባልለት!

ይህ ሁሉ ሳያንስ ነው ከሁለት ሳምንት ወዲህ ሞተር ማጥፋቱ የመጣው።

ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጥቅል ጎመን የጫነ መኪና ከፊታቸው ብቅ አለ። እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው። ኤቬሊዮ ፍሬን ያዘ፤ ዪፔታዋ ትንሽ ታዘዘች። ለቀቀና ደገመ። አሁን ፍሬኑ ደነደነ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲረግጠው ከእግሩ ሥር ድንጋይ ያለ ይመስል አልገባ አለው። መሪውም ከበደ።

«አባዬ!»

«ቆይ! ቆይ አልኩሽ!»

በአንድ እጁ ከመሪው ጋር እየታገለ በሌላው ቁልፉን ፈለገ፤ ሳተው፤ አገኘው። ሞተሩ ተነሳ። ፍሬኑ ሲይዝ ሁሉም ወደ ፊት ተወረወሩ፣ ቀበቶው ዩዴልካን ደረቷ ላይ ቆነጠጣት። የጭነት መኪናው የኋላ መብራት እጇን ብትዘረጋ የምትነካው ያህል ቀርቦ ነበር። ከዚያ ራቀ።

ራንሴል ነቃ። «ደረስን?»

«ገና ነው ጀግናዬ» አለ ኤቬሊዮ። ሳቀ፤ ከንፈሩ ግን አመድ መስሏል። «አያችሁ? ከቁጥጥሬ አልወጣችም።» ወደ ዩዴልካ ዘንበል አለ። «ዩዲዬ፣ ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ እሺ? ታውቂያታለሽ፣ ነገር ታበዛለች።»

ዩዴልካ ራሷን ነቀነቀች። ለምን እንደነቀነቀች ግን አልገባትም። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ በራሷ ተናደደች።

ትምህርት ቤቷ የቴክኒክ ነው። የአውቶ መካኒክ ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ሌሎቹ እጃቸውን ሊታጠቡ ተሯሯጡ፤ እሷ ቀረች።

«ቲቸር፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። የማውቀው ሰው አለ፤ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ ይወርዳል። ቤንዚን ለመቆጠብ።»

አስተማሪዋ ብሪሂዳ እጇን የምትጠርግበትን ጨርቅ አስቀመጠች። «የምታውቂው ሰው አንቺን ጭኖ ነው የሚወርደው?»

ዩዴልካ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች።

«ስሚኝ። ፍሬኑን የሚያለሰልሰው ሞተሩ ነው። ከጠፋ ሁለት ሦስቴ ብትረግጪ ነው፤ ከዚያ በኋላ አለቀ። መሪውም እንደዚያው። ደግሞ የሚቆጥበውም ነገር የለም! በማርሽ ይዞ ነዳጅ ሳይሰጥ ቢወርድ ሞተሩ ራሱ ቤንዚኑን ይዘጋዋል። መኪናዋ በጣም ትጠጣለች እንዴ?»

«ኧረ በጣም!»

«የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ቀስት የት ነው የሚቆመው?»

ይህንንስ ዩዴልካ ተኝታም ትመልሳለች። በየቀኑ በዚያ ሙቀት ታፍና የምታየው ሌላ ነገር የላትም። «ታች ነው። ከታች ተነስቶ አያውቅም።»

«ወይ ጣጣ!» ብሪሂዳ በሁለት እጇ ወገቧን ይዛ ሳቀች። «ቴርሞስታቱን፣ የሞተሩን ሙቀት የሚጠብቀውን ዕቃ፣ አውጥተውታል። አገሩ ሙቅ ነው፣ ምን ያደርጋል ይሉና ያወጡታል። ሞተሩ እኮ ካልሞቀ፣ ሁልጊዜ ገና አሁን የተነሳ ነው የሚመስለው፤ ቤንዚን ያጎርፋል። ትንሽ ዕቃ ናት፣ የጡጫሽን ግማሽ አታክልም። መልሶ ያስገባት።»

ዩዴልካ ደስታዋን መያዝ አቃታት። ዘዴው ከተገኘ ማቀዝቀዣው ሊበራ ነው፣ ሞተር ማጥፋቱ ሊቀር ነው፣ ለእናቷም የሚደበቅ ነገር አይኖርም። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ሲመለሱ ዳገቱን ሳያጋምሱ ሁሉንም ዘረገፈችለት።

ኤቬሊዮ መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀጥሎ ፈገግታው ጠፋ።

«ያወጣው ቻጎ ነው» አለ።

ቻጎ መካኒክም አበልጅም ነው፤ ራንሴልን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው።

«የዛሬ ዓመት መኪናዋ ስትፈላብን እሑድ ምሳውን ጥሎ ነው የመጣልኝ። እጁ ተቃጥሏል፣ አንቺም አይተሻል። አሁን ሄጄ ‹ልጄ አታውቅም ትልሃለች› ልበለው?»

«እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ አስተማሪያችን ናት።»

«ይባስ!»

«እሺ እሱ ይቅር። ሞተሩን ግን አታጥፋው አባዬ። በማርሽ ብትወርድም እኮ ያው ነው አለችኝ።»

«እናያለን» አለና ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

እናያለን! ዩዴልካ የዚህን ቃል ትርጉም ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መስታወቱ በትንፋሿ ደበዘዘ። እንባዋ መጣ፤ ላብ አስመስላ ጠረገችው።

ክፉ ሰው ቢሆን ይቀላት ነበር። ግን አይደለም። ጎረቤቱ ሁሉ «ሴት ልጅ ጋራዥ ምን ትሠራለች» ሲል፣ «ልጄ የፈለገችውን ትማራለች» ብሎ ያስመዘገባት እሱ ነው። በየቀኑ እንቅልፉን ሰውቶ ያደርሳታል። ለእናቷ ብትናገር ቤቱ ይታመሳል፤ አባቷ በልጆቹ ፊት እንዴት እንደሚያንስ ከአሁኑ ታያት። ዝም ብትል ደግሞ ራንሴል ከኋላ አለ፤ እሱም ሳያውቅ ይተኛል።

እራት ላይ እናቷ ሚጓሊና ሩዝና ባቄላውን እያወጣች «መንገድ እንዴት ነበር?» አለች።

«ሰላም» አለ ኤቬሊዮ።

እናትየው ወደ ዩዴልካ ዞረች። «አንቺስ ምነው ዝም አልሽ?»

«ሰላም ነበር» አለች ዩዴልካ። ከዚያ በኋላ ሩዙን ወዲያና ወዲህ ስታመላልስ ቆይታ ተነሳች።

በማግስቱ ጠዋት ካፊያ ነበር። አስፋልቱ ያብረቀርቃል። ቁልቁለቱ የሚጀምርበት ጫፍ ላይ እንጆሪ የምትሸጥ ሴት ከላስቲክ ጥላዋ ሥር ቁጭ ብላለች፤ ሚኒባሶችም እዚያው ቆመው ነው ሰው የሚጭኑት። ኤቬሊዮ ዝግ አለ። ማርሹን ዜሮ አደረገ። እጁ ወደ ቁልፉ ሄደ።

«አባዬ፣ ቁም።»

«ምን ረሳሽ?»

«ምንም። እኔና ራንሴል እዚህ እንወርዳለን።»

ሳቀ። ዞር ብሎ ሲያያት ግን ሳቁን አቆመ፤ መኪናዋንም ጥግ አስያዘ። «ዩዲ፣ አትቀልጂ። ትምህርት ይረፍድባችኋል።»

በሯን ከፍታ ወረደች። የራንሴል በር ከውስጥ እንዳይከፈት የተቆለፈ ስለነበር ዞራ ከውጭ ከፈተችው። ቀበቶውን የፈታችው በሁለተኛው ሙከራ ነው። እንጆሪ ሻጯ አንገቷን አሰገገች።

«ግቢ» አለ ኤቬሊዮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው እያየን ነው።»

«ይየን።»

«እናትሽን ምን ልበላት?»

«እውነቱን። ስለ ሞተሩም ስለ ፍሬኑም። አንተ ካልነገርካት ማታ እኔ እነግራታለሁ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሞተሩን አታጥፋው አባዬ። በናትህ።»

ኤቬሊዮ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ወደ ፊት ወደ መንገዱ ተመለከተ።

አንድ ሚኒባስ መጣ። ሞልቷል፤ ረዳቱ ግን «ግቡ ግቡ፣ ልጁ ጭን ላይ!» እያለ ጠቀጠቃቸው። ሰዉ ተጋፍቶ ቢሆንም መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው። ራንሴል ጭኗ ላይ እየተመቻቸ «ከአባዬ ጋር የማንሄደው ለምንድነው?» አላት።

«ስለፈራሁ» አለች። ይህንን ቃል ጮክ ብላ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው።

ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። ዩዴልካ በሰዎች ትከሻ መሃል ወደ ኋላ አየች። ዪፔታዋ እዚያው ጫፍ ላይ ቆማለች። ሞተሯ ይሥራ አይሥራ ከዚህ አይታወቅም። አሁን ብቻውን ነው የሚወርደው፣ ያውም በእርጥብ አስፋልት! ለእናቷ ማታ እነግራታለሁ ብላዋለች፤ እስከ ማታ ግን ስንት ኩርባ አለ?

ስልኳን አወጣችና ደወለች።

«እማዬ፣ ደህና ነን። ሚኒባስ ውስጥ ነን። አሁኑኑ ለአባዬ ደውይለትና ሞተሩን እንዳያጠፋ ንገሪው።»

«የምን ሞተር? ምንድነው የምታወሪው? ለምን ሚኒባስ ገባችሁ?»

ከጎኗ ያለችው ሴት መቁጠሪያዋን መቁጠር አቁማ ጆሮዋን ሰጠች። ረዳቱም ወደ እነሱ ዞረ። ዩዴልካ ፊቷ እንደ እሳት ጋለ፤ ድምፅዋን ግን አልቀነሰችም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ መናገር ጀመረች።