ረቂቁ ለሕዝብ ሳይቀርብ

ፋኢዛ ሳላሀዲንን መጠርጠር የጀመረችው ከወደደችው በኋላ ነው። በፊት ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር።

የተገናኙት ባምቢስ አካባቢ፣ የእግረኛ መንገዱ ተቆፍሮ ሰው ሁሉ ወደ አስፋልቱ በወረደበት ቀን ነው። ቢጫ ሄልሜት ያደረገ ወጣት ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ሠራተኞችን ያዛል።

«ይቅርታ፣ አምና እዚሁ ቦታ አልቆፈራችሁም?» አለችው።

«አምና የቆፈረው ሌላ ድርጅት ነው።»

«ቱቦው ግን እዚያው ተቀብሮ አለ አይደል?»

«አለ። የእኛ ግን አይደለም። በቃ፣ ሁሉም የየራሱን ይቆፍራል።» አቧራ የጠጣ ጫማዋን አየ። «ማለቴ… እኔንም ያሳፍረኛል።»

ያሳፍረኛል ማለቱ ነው የያዛት። ፋኢዛ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የአገሪቱን የዲጂታል ፖሊሲ ረቂቅ ከሚጽፉት ባለሙያዎች አንዷ ናት። የኢንተርኔት መስመር የሚዘረጉ ድርጅቶች የመሬት ውስጥ ቱቦ እንዲጋሩ የሚያስገድደው ክፍል የእሷ ድርሻ ነው። ወራት ሙሉ በወረቀት ላይ ስትታገለው የከረመችውን ነገር ይህ ኢንጂነር ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ በአንድ ቃል ነገራት።

ስልክ ተለዋወጡ። ወሎ ሰፈር አንዲት ጠባብ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዘው መቀመጥ ለመዱ። ሳላሀዲን ስታወራ አያቋርጣትም። ዝም ሲባባሉም ዝምታው አይከብዳቸውም። አንዳንዴ ቀና ስትል ሲያያት ታገኘዋለች፤ ዓይኑን አይሰብርም፣ እሷ ናት ወደ ብርጭቆዋ የምትሸሸው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ማዕዛ የረቂቁን አዘጋጆች ሰበሰቡ። ረቂቁ ገና ለሕዝብ ውይይት አልቀረበም። ሆኖም አንድ የመስመር ዝርጋታ ድርጅት የቱቦ መጋራቱን ክፍል ቃል በቃል ጠቅሶ ተቃውሞ አስገብቷል። ድርጅቱ ሳላሀዲን የሚሠራበት ነበር።

«ከእናንተ መካከል ያወጣው ሰው አለ ብዬ ማሰብ አልፈልግም» አሉ ወይዘሮ ማዕዛ። ሲናገሩ ማንንም አላዩም። እሷን አለማየታቸው ከማየታቸው ይልቅ ባሰባት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋኢዛ ያለፈውን ሁሉ መልሳ ትመረምር ጀመር። ‹መቼ ነው የሚጸድቀው?› ብሏት ነበር። ‹ግዴታ ነው ወይስ በፈቃድ?› ብሏት ነበር። አንድ ቀን እጇን ልትታጠብ ስትነሳ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ትታለት ሄዳ ነበር። ያኔ ደስ ያሰኛት ሁሉ አሁን ሌላ መልክ ያዘ። ላንቻ ቤታቸው ለእናቷ ስታጫውታቸው ደግሞ እናቷ፣ «የሚወድሽ ሰው ስለ ቤተሰብሽ ይጠይቃል እንጂ ስለ ቢሮሽ ምን አገባው?» አሏት።

ልትፈትነው ወሰነች። እንደተለመደው ወሎ ሰፈር ተገናኙ።

«ያ ክፍል ተሰረዘ» አለችው። ውሸት ነበር። «ቱቦ መጋራት ግዴታ መሆኑ ቀረ።»

ሳላሀዲን ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ይሄን የምትነግሪው ለእኔ ነው ወይስ ለድርጅቴ?»

«አንተስ የምትሰማኝ ለራስህ ነው ወይስ ለድርጅትህ?»

ሳላሀዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሥራ አስኪያጃችን አንድ ቀን አብረን ሆነን አይቶናል» አላት። «ረቂቁን ከእሷ አምጣልኝ አለኝ። እምቢ አልኩት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ፣ ደህና አደርሽ ስልሽ እንኳ ምን ፈልጎ ነው ትይ ነበር። ዝም ስል ደግሞ ይኸው።»

«እምቢ ማለትህን በምን ልወቅ?»

«አታውቂም» አለ። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

አልደወለችለትም። እሱም አልደወለም። ከቢሮዋ መስኮት ሥር የድሮዎቹ ቤቶች ፈርሰው ሜዳ በሆነው ቦታ አዲስ መንገድ እየተሠራ ነው። ቢጫ ሄልሜት ባየች ቁጥር ቆማ ታጣራለች። እሱ ሆኖ አያውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ረቂቁ ያፈተለከበት መንገድ ተገኘ። ረቂቁን ያወጣ ሠራተኛ አልነበረም፤ ራሱ መሥሪያ ቤቱ ሙያዊ አስተያየት እንዲሰጥበት ለአንድ የውጭ አማካሪ ልኮለት ነበር። አማካሪው ለካስ ያንኑ ድርጅትም ያማክራል።

«ለማን እንደሚሠራ አልጠየቅነውም» አሉ ወይዘሮ ማዕዛ ለአዘጋጆቹ። «ከእንግዲህ በዚህ ረቂቅ ላይ አስተያየት የሚሰጥ ሁሉ የጥቅም ግጭት ካለበት አስቀድሞ ያሳውቃል። በሕዝብ ውይይቱም እንደዚሁ።»

ፋኢዛ ወዲያው ለሳላሀዲን ደወለች። አላነሳም። ‹ተሳስቻለሁ› ብላ ጻፈችለት። መልሱ አመሻሽ ላይ መጣ። ‹አልተሳሳትሽም፤ ደብቄሽ ነበር።› ሌላ ቃል አልጨመረም።

ረቂቁ ለሕዝብ የቀረበው ካዛንቺስ በሚገኝ አዳራሽ ነው። ቃለ ጉባኤ እንድትይዝ የታዘዘችው ፋኢዛ ከመድረኩ ጎን ላፕቶፗን ከፍታ ተቀመጠች። ሳላሀዲን ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሲገባ አየችው። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰውየው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ሹክ አለው፤ ሳላሀዲንም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ይኸው፣ አለች በሆዷ፣ ክፍሉን ሊያስጥል መጣ።

ዕድል ሲሰጠው ተነስቶ ማይክሮፎኑን ያዘ።

«ሳላሀዲን እባላለሁ፣ ኢንጂነር ነኝ። አስቀድሜ የማሳውቀው ነገር አለ። የምሠራበት ድርጅት መንገድ ቆፍሮ የሚኖር ነው፤ ቱቦ መጋራት ግዴታ ከሆነ ሥራችን ይቀንሳል። ሌላም አለ። ይህን ረቂቅ ከጻፉት ባለሙያዎች አንዷን ላገባት እፈልጋለሁ። እሺ ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። የምለውን ሁለቱንም እያሰባችሁ ስሙኝ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ሥራ አስኪያጁ ቀና ብሎ አየው።

«ክፍሉን እደግፋለሁ» አለ ሳላሀዲን። «ባለፈው ክረምት ስንቆፍር የሌላ ድርጅት መስመር በጥሰን አንድ ሰፈር ሙሉ ያለ ኢንተርኔት ሰነበተ። መስመሩን በጥሰን እኛው ቀጥለን ቆፈርን። ይሄ መቆም አለበት።»

«የጥቅም ግጭቱ ይመዝገብ» አሉ ከመድረኩ ወይዘሮ ማዕዛ፣ ወደ ፋኢዛ ዞረው።

የመጀመሪያውን ጻፈች። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ መጻፏን አቆመች። እጇን አነሳች።

«ወይዘሮ ማዕዛ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቃለ ጉባኤውን ሌላ ሰው ቢይዘው።»

«ምነው ልጄ?»

«እሱ አላውቅም ያለውን ነገር እኔ አውቀዋለሁ።»

ወይዘሮ ማዕዛ መነጽራቸውን አወለቁ። «እሺታ ነው?»

«እሺታ ነው።»

ላፕቶፑን አጠገቧ ወዳለው ባልደረባዋ ገፋችው። ሳላሀዲን ማይክሮፎኑን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ተቀመጥ እስኪሉት ድረስ አልተቀመጠም።

ወሩ ሳያልቅ ከሥራው ተሰናበተ፤ ሌላ ለማግኘት ብዙ ተንከራተተ። ፋኢዛም ከዚያ ረቂቅ ተነስታ ወደ ሌላ ቡድን ተዛወረች። ባስረከበች ሰሞን ማታ ማታ ታለቅስ ነበር፣ ወራት የደከመችበት ሥራ ነበርና። ኒካሃቸው ላንቻ፣ እናቷ ቤት ታሰረ። ፖሊሲው ግን እስካሁን አልጸደቀም፤ ገና እየተሻሻለ ነው ይባላል።

ጥርጣሬ እንዲህ በአንድ ቀን አይለቅም። ዛሬም ስልኩ ጠርቶ ሳላሀዲን ወደ በረንዳ ሲወጣ ዓይኗ ይከተለዋል። እሱም አውርቶ ሲመለስ፣ ሳትጠይቀው፣ ማን እንደደወለና ምን እንዳለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነግራታል።

አብዛኛውን ጊዜ አትሰማውም፤ መንገሩ ይበቃታል።