«ለጋሼ ንገሪያቸው»

ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህቷን ያገኘቻት በፋብሪካው የክር መጋዘን፣ ከቆመው መሰላል ሥር፣ በድን ሆና ነው። «ክር ላውርድ ስትል ወድቃ ነው» አሉ ሁሉም። ወይ ጉድ! ያቺ ልጅ እኮ ከፍታ ስለምትፈራ ወንበር ላይ እንኳ አትቆምም ነበር።

የመጣችው መርማሪ ዝምታ የምታበዛ ሴት ናት። የሟችን እጅ ገልብጣ አውራ ጣቷ ላይ ቀይ ቀለም አየች። ጎንበስ ስትል እዚያው ካለው ጠረጴዛ ሥር የተገጠመች፣ በጣት የምትጫን ቀይ ቁልፍ አገኘች።

«ይቺስ?»

«የደወል ናት» አሉ ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሥራ አስኪያጁ። «የስፌት አለቃው እየነካካ አስቸገረኝ ብላ ነግራኝ ወደዚህ አዛወርኳት። ቢመጣባት እንድትደውል ቁልፏን ዛሬ ጠዋት አስገጥሜ ቀለም አስቀባሁላት፤ ደወሉ የሚጮኸው እኔ ቢሮ ነው። ልጄን! ምነው በደወለች!» እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

ሰፊዋ ገረማት፤ ጋሼ ያለ መሐረብ ታይተው አያውቁም።

«የተዛወረችው እሷ ናት? እሱስ?» አለች መርማሪዋ።

«እሱማ... ሥራው ያለ እሱ አይሄድም።»

መጋዘን ጠባቂው «ምሳ ስወጣ መሰላሉ እንደተጋደመ ነበር» አለ። የስፌት አለቃው ግን መርማሪዋን ከላይ እስከ ታች ገረመማት።

«ዛሬ መጋዘኑ ደጃፍ አልደረስኩም። የሴት ወሬ ትሰሚያለሽ እንዴ?»

መርማሪዋ ሁሉንም ጋሼ ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«አሁን ታች አንድ ፖሊስ ቁልፏን እየተጫነ ነው» አለች። ጠበቁ። ደወሉ ጭጭ! የደወሉን ክዳን ስትከፍተው፣ መምቻው ዙሪያውን በሰማያዊ ክር በተዘመዘመ ነጭ መሐረብ ተጠቅልሏል።

ሰፊዋ መሐረቡን አወቀችው። እሷና እህቷ እየተቀባበሉ ዘምዝመው ለጋሼ የሰጧቸው ነው።

«ልጅቷ ደውላለች። ቀለሙ ስላልደረቀ ጣቷን ነክቶታል። የሚደርስላት ስታጣ ያጠቃትን ሰው ያዘችው። አለቃ፣ ኮሌታህ ጠርዝ ላይ ቀይ ነገር ይታየኛል፤ ገልብጠው።»

አልገለበጠም። ፖሊስ ገለበጠለት። ከሥሩ ቀይ የአውራ ጣት አሻራ ቁጭ ብሏል።

«መጋዘኑ ደጃፍ ላልደረሰ ሰው ይህ ከየት መጣ? መሰላሉንም ያቆምከው ከሞተች በኋላ ነው።»

«ልገድላት አልነበረም! ልትጮህ ስትል ገፋ አደረግኳት፣ ጭንቅላቷን ጠረጴዛው...»

«እርስዎስ? ደወሉን ለምን አፈኑት?»

ጋሼ አቀረቀሩ። «ከውጭ የመጡ ገዢዎች ነበሩብኝ። ጠዋት ስትሞክረው ጮኸና አፈርኩ። እስኪሄዱ ድረስ ብዬ... የድርጅቱ ስም...»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይሏል ይሄ ነው። ሰፊዋ አለቃውን ዞራም አላየችው። ከእሱ ደግ ነገር ጠብቃ አታውቅም።

«ጋሼ፣ እሷ እኮ ፈርታ ነበር። ‹ማን ያምነኛል› ስትለኝ፣ ‹ለጋሼ ንገሪያቸው፣ አባት ናቸው› ብዬ እጇን ይዤ ያመጣሁልዎ እኔ ነኝ። እኔን ነው የካዱኝ!»

ጋሼ እንባቸው መጣ። እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ኪሳቸው ባዶ ነበር።